ሰውነት ራሱን ሲመታ ዱላው በማን እጅ ነው? ሞኖሳይት፣ «ሪህ» እና የደም ምርመራ ወረቀታችን

በመስከረም 2018 ዓ.ም. የሕክምና ኖቤል ሽልማት ለሦስት ተመራማሪዎች መሰጠቱ ተነገረ። ሜሪ ብረንካው፣ ፍሬድ ራምስዴል እና ሺሞን ሳካጉቺ ናቸው። ሥራቸው አንድ ትልቅ ጥያቄ ይመልሳል። የሰውነታችን መከላከያ ጀርም ለመግደል የታጠቀ ኃይል ነው። ታዲያ የገዛ አካላችንን የማያጠቃው ለምንድን ነው? መልሳቸው ሌሎቹን ሕዋሳት የሚገቱ ልዩ የቲ ሕዋሳት አሉ የሚል ነው፤ ቲ ሕዋስ ከነጭ የደም ሕዋሳት አንዱ ነው።

ትልቅ ግኝት ነው። ወሬው ሲዛመት ግን አንድ ነገር ተረሳ። «ሰውነት ራሱን ያጠቃል» ሲባል ጥፋቱ ሁሉ የቲ ሕዋስ ይመስላል። አዛዡን ማወቅ አንድ ነገር ነው። መገጣጠሚያን የሚያሳብጠው፣ አጥንትን የሚቦረቡረው፣ የልብን ቫልቭ የሚያቆስለው እጅ ግን ብዙ ጊዜ የሌላ ሕዋስ ነው። ስሙ ሞኖሳይት ይባላል።

ስሙን ብዙ ሰው ያውቀዋል። ሲቢሲ በሚባለው ተራ የደም ምርመራ ወረቀት ላይ ሁልጊዜ አለ። አጠገቡ ወደ ላይ የሚያመለክት ቀስት ከታየ ጭንቀት ይጀምራል። ወረቀቱ ፎቶ ተነስቶ በቴሌግራም ይላካል። «ሞኖሳይቴ ከፍ ብሏል፣ ሪህ ነው እንዴ? ወይስ ካንሰር?» የሚል ጥያቄ ይከተላል። መልሱም እንደ መላሹ ይለያያል።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች ተደባልቀዋል። አንደኛው ሞኖሳይት በእነዚህ በሽታዎች ውስጥ ያለው ትክክለኛ ድርሻ ነው። ሁለተኛው ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር የሚነግረን ነገር ነው። ሁለቱ አንድ አይደሉም። (ከዚህ በኋላ የተጠቀሱት ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ «ሪህ» የምንለውን እንለይ

በአማርኛ «ሪህ» በጣም ሰፊ ቃል ነው። ጉልበታቸውን የሚያማቸው አዛውንት «ሪህ አለብኝ» ይላሉ። የእግሩ አውራ ጣት ሌሊት ቀልቶ ያበጠበት ጎልማሳም እንደዚያው። ጠዋት ጣቶቿ አልታጠፍ የሚሏት ወጣት እናትም እንደዚያው። «ቁርጥማት» የሚሉትም ብዙ ናቸው። ሐኪም ፊት ሲቀርቡ ግን የሦስቱ በሽታ የተለያየ ሊሆን ይችላል።

የአዛውንቱ ኦስቲዮአርትራይተስ ሊሆን ይችላል። በአጥንቶች ጫፍ ላይ ያለው ልም አጥንት በዕድሜና በጫና እየሳሳ ሲሄድ የሚመጣ ነው። የጎልማሳው ጋውት ሊሆን ይችላል። ዩሪክ አሲድ የሚባል ነገር በደም ውስጥ በዝቶ፣ መገጣጠሚያ ውስጥ እንደ መርፌ የሾሉ ጥቃቅን ክሪስታሎች ሲሠራ የሚነሳ ሕመም ነው። ሥጋና ቢራ የሚያባብሱት ይህንን ነው። የእናቲቱ ደግሞ ሩማቶይድ አርትራይተስ ሊሆን ይችላል። ይህኛው ከቁርጥ ሥጋ ጋር ግንኙነት የለውም። የሰውነት መከላከያ የራሱን መገጣጠሚያ እንደ ባዕድ ቆጥሮ ሲያጠቃ የሚመጣ ነው። እንዲህ ያሉ በሽታዎች አውቶኢሚውን ይባላሉ። ሉፐስም ከእነሱ አንዱ ነው።

ልዩነቱ በሕክምና ይገለጣል። የጋውት ታማሚ ዩሪክ አሲድ የሚቀንስ መድኃኒት ያስፈልገዋል። የሩማቶይድ ታማሚ ደግሞ መከላከያውን የሚያረግብ። «ሪህ ነው፣ ሥጋ ተው» ተብላ ብቻ የተመለሰች የሩማቶይድ ታማሚ ግን ወሳኝ ወራትን ታጣለች። አጥንቱ በእነዚያ ወራት ይቦረቦራል። የተቦረቦረው ደግሞ ወደ ቦታው አይመለስም።

ጋውት አውቶኢሚውን ባይሆንም ሞኖሳይት እዚያም አለ። ክሪስታሎቹን የሚውጠው እሱና ዘመዶቹ ናቸው። በ2006 የታተመ ጥናት የተዋጠው ክሪስታል በሕዋሱ ውስጥ ያለውን የማንቂያ ደወል እንደሚያስጮህ አሳየ። ከዚያ ኢንተርሉኪን 1 የሚባለው ኬሚካል ይለቀቃል። የዚያ ሌሊት እብጠትና ቃጠሎ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ሞኖሳይት ማን ነው?

ሞኖሳይት ነጭ የደም ሕዋስ ነው። የሚወለደው በአጥንት መቅኒ ውስጥ ነው። ከመቶ ነጭ የደም ሕዋሳት ከ2 እስከ 8 የሚሆኑት ሞኖሳይቶች ናቸው። ትንሽ ነው። ጉልበቱ ግን ከቁጥሩ ጋር አይመጣጠንም።

በደም ውስጥ ብዙ አይቆይም። በ2017 በጤነኛ ፈቃደኞች ላይ የተሠራ ጥናት፣ ዋነኛው የሞኖሳይት ዓይነት ደም ውስጥ የሚቆየው አንድ ቀን ያህል ብቻ እንደሆነ አሳይቷል። ደም ለእሱ መንገድ እንጂ ቤት አይደለም። አንድ ቦታ ሲቆስል ወይም ጀርም ሲገባ፣ ያ ቦታ በኬሚካል ይጠራዋል። ሞኖሳይቱ በደም ሥር ግድግዳ በኩል ሾልኮ ይወጣል። እዚያ ሲደርስ ይተልቃል፣ መልኩን ይለውጣል። ያኔ ስሙ ማክሮፋጅ ይሆናል። «ትልቅ በላተኛ» እንደማለት ነው።

ሥራው መብላት ብቻ አይደለም። ሳይቶካይን የሚባሉ መልእክተኛ ኬሚካሎችን ይረጫል። በእነሱ ሌሎች ሕዋሳትን ለደቦ ይጠራል። የበላውን ጀርም ቁርጥራጭ ለቲ ሕዋስ ያሳያል። ጦርነቱ ሲያበቃ ፍርስራሹን ጠርጎ ቁስሉን ይጠግናል። አንዱ ሕዋስ አፍራሽም ጠጋኝም ነው። ይህን ጠባዩን ልብ እንበል፤ ሕክምናውን የሚያከብደው እሱ ነው።

ተመራማሪዎች ሞኖሳይቶችን በሦስት ይከፍሏቸዋል። ክላሲካል የሚባሉት ከ80 እስከ 90 በመቶ ይሆናሉ፤ ወደ ቁስል የሚሮጡት በዋናነት እነሱ ናቸው። ክላሲካል ያልሆኑት በደም ሥር ግድግዳ ላይ እየተንሸራተቱ የሚቃኙ ዘበኞች ናቸው። በመካከላቸው ሦስተኛ ቡድን አለ። በሩማቶይድ ታማሚዎች ደም ውስጥ ይህ መካከለኛ ቡድን በዝቶ እንደሚገኝ የተለያዩ ጥናቶች አሳይተዋል። ተራው የደም ምርመራ ግን ሦስቱን አይለይም።

በላተኛ ሕዋሳት ለመከላከያችን ያላቸውን ቦታ ያሳየው ኤልያ ሜችኒኮፍ ነው። በ1882 በሲሲሊ ደሴት፣ መሲና ከተማ፣ ሰውነቱ ብርሃን የሚያሳልፍ የባሕር ኮከብ እጭ ላይ እሾህ ሰካ። በማግስቱ እሾሁ በተንቀሳቃሽ ሕዋሳት ተከቦ አገኘው። በ1908 የኖቤል ሽልማትን ከጀርመናዊው ፓውል ኤርሊኽ ጋር ተካፈለ። ኤርሊኽ የሚያምነው በደም ፈሳሽ ውስጥ ባሉ ፀረ እንግዳ አካላት፣ ማለትም ባዕድ ነገር ላይ በሚጣበቁ የመከላከያ ፕሮቲኖች ነበር። ሰውነት በራሱ ላይ መርዝ ከመሥራት በተፈጥሮው ይሸሻል ያለውም እሱ ነው። የሁለቱ ሰዎች ክርክር ዛሬም በሌላ መልክ ቀጥሏል፤ እንመለስበታለን።

ወረቀቱ ላይ ያለው ቀስት

የሞኖሳይት ቁጥር ከፍ ማለቱ ብቻውን የየትኛውም በሽታ ስም አይደለም። ከጉንፋን ወይም ከሌላ ኢንፌክሽን የሚያገግም ሰው ቁጥሩ ከፍ ሊል ይችላል። ቲቢ፣ ወባና ብሩሴሎሲስ ከፍ ሊያደርጉት ይችላሉ። በሌላ በኩል ደግሞ ሩማቶይድ አርትራይተስ ኖሮበት ቁጥሩ ፍጹም ጤነኛ የሆነ ሰው ብዙ ነው። ችግሩ ያለው መገጣጠሚያው ውስጥ ነው፤ ደሙ መንገድ ብቻ ነው ብለናል።

ሌላም ነገር አለ። አንዳንድ የላቦራቶሪ ማሽኖች ነጭ ሕዋሳትን በሦስት ብቻ ይከፍላሉ። በወረቀቱ ላይ «ሚድ» የሚል መስመር ካያችሁ ማሽኑ የዚህ ዓይነት ነው። ሚድ ማለት ሞኖሳይት ማለት አይደለም። መካከለኛ መጠን ያላቸውን ሕዋሳት በአንድ ላይ የሚቆጥር ነው፤ ኢዮሲኖፊልና ቤዞፊልም አብረው ይገባሉ። ኢዮሲኖፊል በአለርጂና በአንዳንድ የሆድ ጥገኛ ትሎች የሚጨምር ሕዋስ ነው። ስለዚህ ሚድ ከፍ ያለበት ሰው ሞኖሳይቱ ደህና ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛው ነገር በተለይ እኛን ይመለከታል። በመቶኛ የተጻፈው ቁጥር ያሳስታል። በብዙ የአፍሪካ ሕዝቦች፣ በኢትዮጵያውያንና በእስራኤል ባሉ ቤተ እስራኤላውያን ዘንድም፣ ኒውትሮፊል የሚባለው ነጭ ሕዋስ ያለ ምንም በሽታ ዝቅ ብሎ መገኘቱ የታወቀ ነው። አንዱ ሲያንስ የሌላው ድርሻ ይጨምራል። ለምሳሌ አንድ ሰው 3,500 ነጭ ሕዋስ አለው እንበል። ሞኖሳይቱ 10 በመቶ ነው፤ ቀስቱ ወደ ላይ ነው። ስናሰላው 350 ይሆናል። የተለመደው ልክ በአንድ ማይክሮሊትር ደም ከ200 እስከ 800 ገደማ ነው። ሰውየው ጤነኛ ነው። ወረቀቱ ግን አስደንግጦታል።

ችላ የማይባለው ቁጥር የትኛው ነው? በአንድ ማይክሮሊትር ከ1,000 በላይ ሆኖ ከሦስት ወር በላይ የቆየ እንደሆነ የደም ሐኪም ማየት አለበት። ይህ በተለይ በዕድሜ የገፉ ሰዎች ላይ ከታየ የመቅኒ በሽታ ምልክት ሊሆን ይችላል።

በመገጣጠሚያው ውስጥ የሚሆነው

ጤነኛ መገጣጠሚያ ከውስጥ በስስ ገለባ ተሸፍኗል። ሲኖቪየም ይባላል። የላይኛው ሽፋኑ ውፍረት ከአንድ እስከ ሦስት ሕዋስ ብቻ ነው። በሩማቶይድ አርትራይተስ ይህ ገለባ ይወፍራል፣ ያብጣል፣ በደም ሥር ይሞላል። እንደ አረም ወደ ልም አጥንቱ ይሳባል።

ነገሩ የሚጀምረው ግን እብጠት ከመታየቱ ከዓመታት በፊት ሊሆን ይችላል። የራስን ፕሮቲን የሚያነጣጥሩ ፀረ እንግዳ አካላት በደም ውስጥ ቀድመው ይታያሉ። ሲጋራ ማጨስ ለዚህ ከሚያጋልጡት አንዱ ነው። እነዚህ አካላት ከፕሮቲኖቹ ጋር ተጣብቀው ሲቆዩ ሞኖሳይቱ ያገኛቸዋል። በላዩ ላይ እነሱን የሚይዝ መቀበያ አለው። ሲይዛቸው ጀርም የያዘ ይመስለዋል። ማንቂያውን ይነፋል።

ማንቂያው በዋናነት ሦስት ስሞች አሉት፦ ቲኤንኤፍ፣ ኢንተርሉኪን 1 እና ኢንተርሉኪን 6። ሦስቱም ሳይቶካይኖች ናቸው። ደም ሥርን ያሰፋሉ፤ መገጣጠሚያው ይቀላል፣ ይግላል። ይህ ብግነት ይባላል። ሌሎች ሞኖሳይቶችን ይጠራሉ። የመጡትም በተራቸው ይጠራሉ። ጥሪው ማቆሚያ ያጣል።

በ1980ዎቹ ብዙዎች ተስፋ ቆርጠው ነበር። በመገጣጠሚያ ውስጥ ያሉት ሳይቶካይኖች በጣም ብዙ ናቸው፤ አንዱን ብትዘጋ ሌላው ይተካዋል ይሉ ነበር። ለንደን ውስጥ ማርክ ፌልድማን እና ራቪንደር ማይኒ ይህንን ፈተኑት። ከታማሚዎች መገጣጠሚያ የተወሰዱ ሕዋሳትን በላቦራቶሪ አሳደጉ። ቲኤንኤፍን ብቻ ዘጉ። በ1989 ያወጡት ውጤት ኢንተርሉኪን 1 አብሮ እንደወረደ አሳየ። ለካ ሳይቶካይኖቹ እኩል አይደሉም። ከላይ ሆኖ ሌሎቹን የሚቀሰቅስ አለ።

በ1992 በለንደን ቻሪንግ ክሮስ ሆስፒታል በሰው ላይ ተሞከረ። የመጀመሪያዎቹ ታማሚዎች 20 ነበሩ። ሌላ መድኃኒት ያልረዳቸው ሰዎች ናቸው። እብጠታቸው ቀነሰ፣ ድካማቸው ቀለለ። በ1998 የመጀመሪያው ፀረ ቲኤንኤፍ መድኃኒት በአሜሪካ ለሩማቶይድ አርትራይተስ ጸደቀ። የዚህ በሽታ ሕክምና ታሪክ ከዚህ በፊትና ከዚህ በኋላ ተብሎ ቢከፈል ማጋነን አይሆንም።

ሞኖሳይት አጥንትን የሚጎዳበት መንገድ ደግሞ የተለየ ነው። አጥንትን በተፈጥሮ የሚቦረቡሩ ሕዋሳት አሉን። ኦስቲዮክላስት ይባላሉ። ሥራቸው አሮጌ አጥንትን አፍርሶ ለአዲሱ ቦታ መልቀቅ ነው። እነሱ የሚሠሩት ከሞኖሳይት ወገን የሆኑ ሕዋሳት እርስ በርስ ሲዋሃዱ ነው። በታመመ መገጣጠሚያ ውስጥ ይህን ውህደት የሚያዝዘው ምልክት ይበዛል። ስለዚህ የተጠሩት ሕዋሳት ገሚሶቹ እሳቱን ያራግባሉ። ገሚሶቹ አጥንት በሊታ ይሆናሉ። በራጅ ላይ የሚታየው ቀዳዳ የእነሱ ሥራ ነው።

ጉዳቱ ከመገጣጠሚያም ይወጣል። ኢንተርሉኪን 6 ወደ ጉበት ይደርሳል። ጉበት ብረትን የሚቆልፍ ሆርሞን ያመርታል። ብረቱ በማክሮፋጅ ውስጥ ተዘግቶ ይቀራል። ታማሚዋ ደም ያንሳታል፤ የብረት እንክብል ብቻውን አይመልሰውም። በደም ሥር ግድግዳ ውስጥም ተመሳሳይ ሕዋሳት ስብን እየዋጡ ይከማቻሉ። የሩማቶይድ ታማሚ ለልብና ለደም ሥር በሽታ ያለው ተጋላጭነት ከሌላው ሰው 1.5 እጥፍ ገደማ ነው። የእጅ ጣት ሕመም ተብሎ የሚናቅ በሽታ አይደለም።

ሉፐስ፦ ያልተጠረገ ቤት

በሉፐስ የሞኖሳይት ችግር ሌላ መልክ አለው። በየቀኑ በሰውነታችን ውስጥ በቢሊዮን የሚቆጠሩ ሕዋሳት ይሞታሉ። ማክሮፋጆች ሳይሰማ ይጠርጓቸዋል። በብዙ የሉፐስ ታማሚዎች ጠረጋው ይዘገያል። የሞተው ሕዋስ ይፈርሳል፤ በውስጡ የነበረው ዲኤንኤ ሜዳ ላይ ይቀራል። መከላከያው ያንን አይቶ ቫይረስ የገባ ይመስለዋል። በራስ ዲኤንኤ ላይ ፀረ እንግዳ አካል ይሠራል። ኢንተርፌሮን የሚባል የቫይረስ ማንቂያ ይለቀቃል። ኢንተርፌሮን ደግሞ ሞኖሳይቱን ይበልጥ ያነቃዋል። ኩላሊት፣ ቆዳና መገጣጠሚያ ይጎዳሉ። ከአሥር ታማሚዎች ዘጠኙ ሴቶች ናቸው።

ለሉፐስ በብዛት የሚታዘዘው ሃይድሮክሲክሎሮኪን ከወባ መድኃኒቶች ወገን ነው። የሚሠራው ሕዋሱ የዋጠውን ዲኤንኤ እንዳያነብ በማድረግ ነው። ማንቂያው ከምንጩ ይደክማል።

ከቶንሲል ወደ ልብ

በአገራችን ብዙ ልጆችን የጎዳው ከዚህ ቤተሰብ የሆነ በሽታ ግን ሌላ ነው። ሩማቲክ የልብ በሽታ ይባላል። መነሻው «ቶንሲል» የምንለው የጉሮሮ ሕመም ነው። ከ5 እስከ 15 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ ይበዛል።

ስትሬፕቶኮከስ የሚባለው ባክቴሪያ በላዩ ላይ የልብን ፕሮቲን የሚመስል ፕሮቲን አለው። መከላከያው ባክቴሪያውን ሲያሳድድ ልብንም ያገኛል። ከጉሮሮው ሕመም ሁለትና ሦስት ሳምንት በኋላ ትኩሳትና ከአንዱ ወደ ሌላው የሚዘዋወር የመገጣጠሚያ እብጠት ይመጣል። ፀረ እንግዳ አካላቱ የቫልቩን ሽፋን ይቀሰቅሳሉ። ሽፋኑ የሚያጣብቅ ነገር ያወጣል። በዚያ በኩል ቲ ሕዋሳትና ሞኖሳይቶች ይገባሉ። በ1904 ጀርመናዊው ሉድቪግ አሾፍ በታማሚዎች የልብ ጡንቻ ውስጥ ያገኛቸውና በስሙ የሚጠሩት ትንንሽ እብጠቶች ከማክሮፋጆች የተሠሩ ናቸው። ቫልቩ ሲጠገን ጠባሳ ይሠራል። ጠባሳው ያጠብበዋል ወይም እንዳይገጥም ያደርገዋል።

እዚህ ላይ ሕክምናው ከሳይንሱ ቀሏል። ጉሮሮው በጊዜ በፔኒሲሊን ከታከመ ሰንሰለቱ አይጀመርም። አንዴ የታመመ ልጅም በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ የሚወጋው የቤንዛታይን ፔኒሲሊን መርፌ ድጋሚ ጥቃትን ይከላከላል። በ2015 በአዲስ አበባ በአፍሪካ ኅብረት የተሰበሰቡ ባለሙያዎች በሽታውን ከአህጉሩ ለማጥፋት ካስቀመጧቸው እርምጃዎች አንዱ የዚህ መርፌ አቅርቦት ነበር። ርካሽ መርፌ ነው። በየወሩ መገኘቱ ግን የልጅ ልብ ነው።

አዛዥ ነው ወይስ ታዛዥ?

አሁን ወደ ሜችኒኮፍና ኤርሊኽ እንመለስ። ሞኖሳይት የበሽታው ምንጭ ነው ወይስ የሌላውን ትእዛዝ ፈጻሚ?

ፈጻሚ ነው የሚሉ ጠንካራ ማስረጃ አላቸው። በ2022 በጀርመን ኤርላንገን አምስት ከባድ የሉፐስ ታማሚዎች ካር ቲ በሚባል ሕክምና መታከማቸው ታተመ። የራሳቸው ቲ ሕዋስ ተወስዶ፣ ቢ ሕዋሳትን እንዲያጠፋ ተለውጦ ተመለሰላቸው። ቢ ሕዋስ ፀረ እንግዳ አካላትን የሚያመርተው ወገን ነው። አምስቱም ያለ መድኃኒት ምልክታቸው ጠፋ። ሞኖሳይታቸውን ማንም አልነካም። አዛዡ ሲሄድ ወታደሩ ተረጋጋ።

ሞኖሳይት እንዳይጠራ መከልከልም ተሞክሯል። በ2006 እና በ2008 የታተሙ ሁለት ሙከራዎች ሞኖሳይትን ወደ መገጣጠሚያ የሚስበውን ዋና ጥሪና መቀበያውን በፀረ እንግዳ አካል ዘጉ። ታማሚዎቹ አልተሻላቸውም። አንድ መንገድ ሲዘጋ ሕዋሱ ሌላ መንገድ ያገኛል።

በሌላው ወገን ያሉትም ባዶ እጃቸውን አይደሉም። የፀረ ቲኤንኤፍ ስኬት አለ። በ2020 ደግሞ ቬክሳስ የሚባል አዲስ በሽታ ተገለጸ። በመጀመሪያው ጥናት የተገኙት 25 ወንዶች ነበሩ። በመቅኒያቸው ውስጥ በዕድሜ የመጣ አንድ የዘረ መል ስህተት አለ። ሞኖሳይትንና ወንድሞቹን የሚያፈሩት ሕዋሳት ተበላሽተዋል። ትኩሳት፣ የልም አጥንትና የደም ሥር ብግነት ይታይባቸዋል። ብዙዎቹ ቀድሞ ሌላ የሩማቲክ በሽታ ስም ተሰጥቷቸው ነበር። እዚህ ሞኖሳይቱ ከነወገኑ ራሱ ምንጩ ነው።

ክርክሩን ይበልጥ ያወሳሰበው በ2019 እና በ2020 የወጡ ሁለት ጥናቶች ናቸው። መገጣጠሚያ ውስጥ ከደም ያልመጡ ነባር ማክሮፋጆች አሉ። የመጀመሪያው ጥናት እነዚህ እንደ ጡብ ተደርድረው መገጣጠሚያውን ከብግነት የሚከልል ግድግዳ እንደሚሠሩ አሳየ። ሁለተኛው በሽታቸው በተረጋጋ ታማሚዎች ውስጥ ጠጋኝ የሆኑ ማክሮፋጆች እንደሚበዙ አሳየ። እነሱ ያነሱባቸው ታማሚዎች መድኃኒት ሲያቆሙ በሽታው በቀላሉ ያገረሽባቸዋል። ስለዚህ «ማክሮፋጅን እንግደል» ማለት ጠባቂውንም አብሮ መግደል ነው።

በእኔ ግምት ጥያቄው ራሱ ትንሽ የተዛባ ነው። መልሱ ከበሽታ በሽታ ይለያያል። በሉፐስ የቢ ሕዋስ ድርሻ ይጎላል። በጋውትና በቬክሳስ የሞኖሳይት ወገን መሪ ነው። በሩማቶይድ አርትራይተስ ደግሞ ማን እንደጀመረው ሌላ፣ ማን እንደሚያስቀጥለው ሌላ ነው። ሞኖሳይት የጎላው በማስቀጠሉ ላይ ነው። በሽተኛ የሚሰቃየውም በዚያው ነው።

የተዳፈነ እሳት

ሞኖሳይትን የሚያረግቡ መድኃኒቶች ሁሉ ዋጋ ያስከፍላሉ። ፕሬድኒሶሎን በሰዓታት ውስጥ የሞኖሳይትን ቁጥር ይቀንሳል፣ ሳይቶካይኑን ያፍናል። እፎይታው ፈጣን ነው። ችግሩም እዚያ ላይ ነው፤ ሰው ወዶት ለወራት ይቀጥለዋል። አጥንት ይሳሳል፣ ስኳር ይወጣል፣ ኢንፌክሽን ይደፍራል። ለረጅም ጊዜ ሲወስዱ ቆይቶ በድንገት ማቆምም አደገኛ ነው። ሜቶትሬክሴት የሩማቶይድ ሕክምና መሠረት ነው። የሚወሰደው ግን በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው። በስህተት በየቀኑ ከተወሰደ ሊገድል ይችላል።

ትልቁ ጥንቃቄ ከቲቢ ጋር የተያያዘ ነው። የቲቢ ባክቴሪያ የገባበት ሰው ሁሉ አይታመምም። ሞኖሳይቶችና ማክሮፋጆች ባክቴሪያውን ከበው ያጥሩታል። ሳይገድሉት ለዓመታት ይይዙታል። ማታ በአመድ እንደተዳፈነ እሳት ነው። አመዱን በቦታው የሚያቆየው ደግሞ ያው ቲኤንኤፍ ነው። መድኃኒቱ ቲኤንኤፍን ሲዘጋ አመዱ ይበተናል።

ይህ ግምት አይደለም። በ2001 በአሜሪካ የታተመ ጥናት ኢንፍሊክሲማብ የሚባለውን ፀረ ቲኤንኤፍ ከወሰዱ በኋላ ቲቢ የያዛቸው 70 ሰዎችን መዘገበ። 48ቱ የታመሙት ከሦስተኛው መርፌ ሳያልፉ ነው። ከግማሽ በላይ በሚሆኑት ቲቢው ከሳንባ ውጭም ተሠራጭቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ እነዚህ መድኃኒቶች ከመጀመራቸው በፊት የተዳፈነ ቲቢ መፈለግ ግዴታ ሆኗል። ከተገኘ የመከላከያ ሕክምናው ቢያንስ አንድ ወር ቀድሞ ይጀመራል።

ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅት ከፍተኛ የቲቢ ጫና አለባቸው ካላቸው 30 አገሮች አንዷ ናት። ስለዚህ ጉዳዩ እዚህ ያለውን ታማሚ ብቻ አይመለከትም። በዋሽንግተን፣ በቴል አቪቭ ወይም በስቶክሆልም ፀረ ቲኤንኤፍ ሊጀምር ያለ ኢትዮጵያዊም ሐኪሙ «የት ተወለድክ?» ሲለው ምክንያት አለው። በልጅነት ቤት ውስጥ የሚያስል ዘመድ ከነበረ፣ ቲቢ የታከመ የቤተሰብ አባል ካለ፣ ይነገር። የሚያሳፍር ነገር የለውም።

አንድ ተግባራዊ ነገር ደግሞ አለ። አብዛኞቻችን በሕፃንነታችን ክንዳችን ላይ የተወጋነው የቢሲጂ ክትባት በቆዳ ላይ የሚደረገውን የቲቢ ምርመራ ያለ ቲቢ ሊያሳብጠው ይችላል። በደም የሚሠራው ምርመራ ግን በቢሲጂ አይታለልም። ጠባሳው ካላችሁ ለሐኪሙ አሳዩትና የትኛው ምርመራ እንደሚደረግላችሁ ጠይቁ።